ድምፅን ማስተካከልና የራቬል «ቦሌሮ»

ሙዚቃ ቀራጮች ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ ከፍ ያለውንም ዝቅ አድርገው ማስተካከላቸው ለሰሚው ምቾት ነው ይባላል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም፣ ሞሪስ ራቬል በ1928 እ.ኤ.አ. የደረሰው «ቦሌሮ» ወሰኑን ያሳየናል። በዚህ ድርሰት ሁለት ዜማዎች ሩብ ሰዓት ያህል እየተፈራረቁ ይመላለሳሉ፤ ትንሹም ከበሮ አንዱን ምት ሳያቋርጥ ይመታል። ወደ ፍጻሜው ከሚመጣው የቅኝት ለውጥ በቀር፣ የሚለወጡት መሣሪያዎቹና የድምፁ ኃይል ብቻ ናቸው። እንግዲህ የብቸኛው ዋሽንት ጅማሬና የመላው ኦርኬስትራ ፍጻሜ በኃይል ከተቀራረቡ፣ የድርሰቱ ታሪክ ተሰረዘ ማለት ነው።

በሸክላ ዘመን ለዚህ ምክንያት ነበረው። ኃይለኛ ድምፅ ሰፊ ቦይ ይፈልጋል፤ መርፌውም ወደ መካከል ሲቃረብ ጥራቱ ይቀንሳል፤ የ«ቦሌሮ» ነጎድጓድ የሚያርፈው ደግሞ ከዚሁ ስፍራ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ሲዲ ግን 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ስላለው ምክንያቱ ቀርቷል። ሆኖም ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ የሮክና የፖፕ አልበሞች ከቀድሞው ይልቅ ታመቁ፤ የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አድማጮቹ ራሳቸው አቤት አሉ።

በአውቶቡስ ውስጥ የሚያዳምጥ ሰው ዝቅ ያለው ድምፅ ይጠፋብኛል ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን ማመቁ በሰሚው መሣሪያ ቢደረግ፣ ባሻው ጊዜ ሊያነሣው ይችላል፤ በቅጂው ላይ ከተደረገ ግን የጠፋውን እንደ ነበረ መመለስ አይቻለውም። ስለዚህ ቅጂው ምሉእ፣ ማስተካከሉም የሰሚው ፈቃድ ይሁን እላለሁ።