የጅግራ እንቁላል በዶሮ እቅፍ

ጅግራ የአፍሪካ ወፍ ናት፤ በአዋሽ ቁጥቋጦ ውስጥ በመንጋ ስትሮጥ ያየ ሁሉ ያውቃታል። ሣር ውስጥ ደብቃ ስትጥልና ስትታቀፍ ትጉህ ናት። ጫጩቶቿን ግን በማለዳ ጤዛ ውስጥ እየመራች ስለምትዞር ብዙዎቹ በብርድ ያልቁባታል።

የቤት ዶሮ ውለታ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የዶሮ ጫጩት በ21 ቀን ሲፈለፈል የጅግራ ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጃል። የጅግራ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ግን ጥሬና ውሃ ከአጠገቧ ካልተለያት ተጨማሪውን ሳምንት በትዕግሥት ትቀመጣለች። ያን ጠንካራ ቅርፊት ሰብረው የሚወጡት ባለ ቡናማ መስመር ጫጩቶች በማግስቱ ሯጮች ናቸው፤ እሷም እንደ ልጆቿ በክንፏ ሥር ትሰበስባቸዋለች።

ከአርቢው የሚጠበቀው ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ደረቅና ሞቃት ቦታ ማቆየት፣ ከዶሮ ጫጩት መኖ ይልቅ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ መኖ መስጠት፣ እንዳይሰጥሙም ውሃ መጠጫቸው ውስጥ ጠጠር መጨመር ነው።

ካደጉ በኋላ ምስጋናቸውን በሥራ ይመልሳሉ። መዥገርና አንበጣ ይለቅማሉ፤ ማታ ዛፍ ላይ ያድራሉ፤ እባብ፣ ጭልፊት ወይም እንግዳ ሰው ሲያዩ መንደሩን በጩኸት ይቀሰቅሳሉ። ጩኸቱ ጎረቤት ለተጠጋጋበት ከተማ አይመችም። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ግን በእንቁላል ዋጋ ከጅግራ የተሻለ ዘበኛ አይገኝም።