«ብረት»፣ «ዝግመት» እና «እብጠት» በሥነ ፈለክ ትርጉም

የሥነ ፈለክ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ስንመልስ የሚገጥመን ችግር የቃል እጦት ብቻ አይደለም። ለአንዱ ፅንሰ ሐሳብ የተመደበው ቃል ሌላውን ሲሸፍነው የጽሑፉ ክርክር አብሮ ይጠፋል። ለምሳሌ ያህል በፍኖተ ሐሊብ ማእከል ስለሚገኙት ከዋክብት ኬሚካዊ ታሪክ የተቀመሩትን የስሌት ሞዴሎች እንመልከት።

በሥነ ፈለክ ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም በቀር ያሉት ንጥረ ነገሮች ሁሉ፣ ኦክስጅንና ካርቦን ሳይቀሩ፣ «ሜታል» ይባላሉ። ይህ በልማድ «ብረት» ተብሎ ሲመለስ፣ ቃሉ በአማርኛ የአንድ የታወቀ ንጥረ ነገር ስም መሆኑ ይዘነጋል። ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ የሞዴሎቹ ዋና ሰዓት ማግኒዝየምና ኦክስጅን ከብረት አንጻር ያላቸው መጠን ነውና። ክብደታቸው ከፀሐይ 8 እጥፍ በላይ የሆኑ ከዋክብት ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ ፈጥነው ፈንድተው ኦክስጅንና ማግኒዝየምን በብዛት ይረጫሉ፤ ከነጭ ድንክ ከዋክብት ፍንዳታ የሚገኘው ብዙ ብረት ግን ዘግይቶ ይመጣል። እንግዲህ የብረቱ መጠን ካደገም በኋላ ማግኒዝየም ከፍ ብሎ ከቆየ፣ ከዋክብቱ የተፈጠሩት በፍጥነት ነው ማለት ነው። ማቴውቺና ብሮካቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ሞዴል ይህንኑ ተንብየዋል። ማክዊሊያምና ሪችም በ1994፣ አቧራው በሳሳበት «የባዴ መስኮት» በተባለው የሰማይ ክፍል 11 ከዋክብትን መርምረው ማግኒዝየምና ታይታኒየም ከፍ ብለው አገኙ፤ ካልሲየምና ሲሊኮን ግን እንደዚያ አልሆኑም። «ብረት ከብረት አንጻር» ብሎ የሚተረጉም ሰው ከዚህ ሁሉ ለአንባቢው የሚያተርፍለት የለም።

ሁለተኛው «ዝግመተ ለውጥ» ነው። ቃሉ ለሥነ ሕይወት የሰመረ ይሁን እንጂ ዝግታን በውስጡ ይዟል። «ፈጣን ዝግመተ ለውጥ» ማለት ራሱን የሚቃረን ሐረግ ነው፤ የሞዴሎቹ ዋና ግኝት ደግሞ ፍጥነት ነው። በዚያም ላይ በዋነኛነት የሚለወጠው ከዋክብቱ የሚፈጠሩበት ጋዝ ነው እንጂ እያንዳንዱ ኮከብ አይደለም፤ ኮከቡ የተወለደበትን ጋዝ ይዘት በአብዛኛው ጠብቆ የሚያቆይ መዝገብ ነው። ስለዚህ «የንጥረ ነገር ይዘት ለውጥ» የሚለው ይሻላል እንላለን።

ሦስተኛው «እብጠት» ነው። ቃሉ ሕመምን ያስታውሳል፤ «ማእከላዊ ጉብታ» ግን ቅርጹን ብቻ ይነግራል። «እምብርት» ለመካከለኛው ነጥብ ይቆይልን።

ለ«ሜታል» «ከባድ ንጥረ ነገሮች» የሚለውን እናቀርባለን። ካርቦንን ከባድ የማይለው ኬሚስት ሊቃወመን ይችላል፤ ተቃውሞውም እውነት አለው። ቢሆንም ይህ ስም ማብራሪያ ይጠይቃል እንጂ አያሳስትም። «ብረት» ግን አንባቢው ማብራሪያ እንደሚያስፈልገው እንኳ ሳያውቅ ያሳስተዋል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቃልን ከቃል ከማዛመዳቸው በፊት ቃሉ የሚያገለግልበትን ክርክር ቢያነቡ እንመርጣለን።