ምልክቱ የተጠያቂው፣ ጥበቡ የብዙዎች፦ ስለ እንግሊዝ ጥንታዊ የብር ገበታ ዕቃዎች

የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የብር ገበታ ዕቃ ሲጠና አስቀድሞ የሚፈለገው በዕቃው ላይ የተመታው የአንጥረኛው ምልክት ነው። ስሙ ከታወቀ በኋላ ዕቃው ከአፉ እስከ መቀመጫው የዚያ ሰው የእጅ ሥራ ተብሎ ይወደሳል። ይህ ልማድ መታረም አለበት፤ ምልክቱ የሚነግረን ስለ ዕቃው ማን እንደሚጠየቅ እንጂ በማን እጅ እንደተሠራ አይደለም።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ሕጉ ነው። በ1300 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ድንጋጌ የብር ዕቃ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑ ተፈትኖ የነብር ራስ ምልክት ሳይመታበት ከሠሪው እጅ እንዳይወጣ ከለከለ። በ1363 እያንዳንዱ አንጥረኛ የራሱ ምልክት እንዲኖረው ታዘዘ፤ ብሩን ያለልክ የበረዘ ሰው ተለይቶ እንዲታወቅ ነው። በ1478 በየዓመቱ የሚለወጥ ፊደል ሲጨመር ደግሞ የፈታኙም ኃላፊነት መለየት ጀመረ። ሁሉም የገዢውን ገንዘብ ለመጠበቅ የቆሙ ናቸው፤ ስለ ሠሪው ጥበብ እንዲመሰክር የታሰበ አንድም የለም።

ሁለተኛው ምስክር ዕቃው ራሱ ነው። አንድ የቡና ማንቆርቆሪያ ቀርበን እንመልከት። አካሉ የተነሣው ጠፍጣፋ ብር በመዶሻ ተቀጥቅጦ ነው፤ ብር ሲቀጠቀጥ ስለሚደድር እንዳይሰነጠቅ በየመሐሉ በእሳት ይለሰልሳል። ቡናው የሚቀዳበት አፍ ብዙ ጊዜ ለብቻው በቅርጽ ፈስሶ ይበየዳል። ብር ሙቀት ስለሚያስተላልፍ እጀታው ከእንጨት ይሠራል። የባለቤቱን የቤተሰብ አርማ የሚቀርጸው ደግሞ ሌላ ባለሙያ ነው፤ ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት በወጣትነቱ የተለማመደው ይህንኑ የብር ቀረጻ ነበር። የለንደኖቹ የፓርከርና ዌክሊን የሂሳብ መዝገቦችም አንድ ድርጅት በስሙ የሸጠውን ዕቃ ለብዙ የውጭ ባለሙያዎች አከፋፍሎ ያሠራ እንደነበር ያሳያሉ።

“ታዲያ የለንደኑ አንጥረኛ የፖል ደ ላመሪ ዕቃዎች ከሌላው ሁሉ ተለይተው የሚታወቁት ለምንድን ነው?” የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ክብደት ያለው ጥያቄ ነው። ይሁንና በ1730ዎቹ በእሱ ምልክት ከወጡት እጅግ የተደነቁ ሥራዎች አንዳንዶቹን ያጌጠው ስሙ ያልታወቀ ቅርጽ አውጪ እንደሆነ አጥኚዎች ያምናሉ፤ ለሎርድ ሜናርድ ከተሠራው ታላቅ ሳሕን ተነሥተውም “የሜናርዱ መምህር” ብለውታል። ይህ የላመሪን ክብር አይቀንስም። ባለሙያ መርጦ፣ ውድ ብር አቅርቦ፣ የተለያዩ እጆችን ወደ አንድ መልክ ማምጣት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። በ1761 ምልክቷን ያስመዘገበችው ባሏ የሞተባት ሄስተር ቤትማንም መከበር ያለባት በዚሁ ሚዛን፣ የቤተሰቧን ወርክሾፕ ለስኬት ባበቃችበት አመራር ነው።

ስለዚህ ሙዚየሞችና የጨረታ ቤቶች “እገሌ የሠራው” ከማለት ይልቅ “በእገሌ ምልክት የወጣ” ቢሉ ለእውነቱ ይቀርባሉ። አጥኚም የመዶሻውን፣ የብየዳውንና የቀረጻውን አሻራ እንደ ምልክቱ ሁሉ በጥንቃቄ ካነበበ፣ በአንድ ስም የተሸፈኑት ባለሙያዎች በታሪክ ውስጥ የሚገባቸውን ቦታ ያገኛሉ።