ጥንቁቁ ፈጣን፦ የሂካሩ ናካሙራ አጨዋወት ሲመዘን

ስለ ሂካሩ ናካሙራ በቼዝ ወዳጆች መካከል የሚወራው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ኢንተርኔት ያባከነው ተሰጥኦ፣ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ሱሰኛ፣ እጁ ከሐሳቡ የሚቀድም ሰው። ለዓለም ሻምፒዮንነት ያልበቃውም በዚሁ ነው ይባላል። ጨዋታዎቹን ከድሮ እስከ ቅርብ ጊዜ በተርታ ላያቸው ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኢንተርኔት ናካሙራን ያስተማረው ጥንቃቄን ነው። የሚጎድለውም ነገር፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከዚያው ጥንቃቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ወጣቱ ናካሙራ ጥንቁቅ አልነበረም። በ1987 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጃፓን ተወልዶ፣ በሕፃንነቱ አሜሪካ ገብቶ፣ ስሪላንካዊ የቼዝ አሠልጣኝ በሆነው እንጀራ አባቱ በሱኒል ዊራማንትሪ ቤት ያደገ ልጅ ነው። በ2003 ገና በ15 ዓመቱ ግራንድማስተር ሲሆን ቦቢ ፊሸር ከ1958 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የአሜሪካ ክብረ ወሰን በጥቂት ወራት አሻሻለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከህንዳዊው ግራንድማስተር ከክሪሽናን ሳሲኪራን ጋር ሲጫወት በሁለተኛው እርምጃ ንግሥቱን ወደ ኤች5 አወጣ። ጀማሪ ሁሉ በአራት እርምጃ ማት አደርጋለሁ ብሎ የሚሞክራት፣ አሠልጣኞች የሚቆጡባት እርምጃ ናት። ጨዋታውን ተሸነፈ፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አለ።

የዚያ ዘመን ቁንጮ በ2007 ባርሴሎና ላይ ከፖላንዳዊው ሚኻል ክራሰንኮቭ ጋር ያደረገው ጨዋታ ነው። ጥቁር ይዞ፣ በ21ኛው እርምጃ፣ ንግሥቱ ኤፍ2 ላይ ያለውን ወታደር በልታ ከነጩ ንጉሥ አፍንጫ ሥር ቆመች። ንጉሡ በላት። ከዚያ በኋላ ንጉሡ መመለሻ አላገኘም፤ ኤፍ3፣ ጂ4፣ ጂ5፣ ኤች5 እያለ በቼክ እየተነዳ ከሰፈሩ ወጥቶ በጠላት ሜዳ ብቻውን ቀረ። ሰው የሚያደንቀው የንግሥቲቱን መሠዋት ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ መጨረሻው ነው። በ28ኛው እርምጃ፣ ቼኩ ሁሉ ከተደረደረ በኋላ፣ ናካሙራ ኤ6 ላይ የነበረውን ቢሾፕ ወደ መነሻ ቤቱ ወደ ሲ8 መለሰው። ቼክ አላለም፣ የበላውም ነገር የለም። ግን ከሲ8 የሚነሳው ሰያፍ መስመር ጂ4 ድረስ ስለሚሄድ የንጉሡ መመለሻ ተዘጋ፤ ክራሰንኮቭም እዚያው እጁን ሰጠ። ንግሥት ሠውቶ ዝም ያለች እርምጃ የሚያገኝ ተጫዋች፣ ከእርምጃዎቹ ኋላ ረጅም ስሌት አለው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ናካሙራ ሌሊቱን በኢንተርኔት ቼዝ ክለብ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ይጫወት ነበር። በ2009 ከብሩስ ሃርፐር ጋር ሆኖ ቡሌት ስለሚባለው ስለዚሁ የአንድ ደቂቃ ቼዝ መጽሐፍ እስከመጻፍ ደርሷል። ቡሌት ከውጭ ለሚያየው ግርግር ይመስላል። ውስጡ ግን ሕግ አለው። ስልሳ እርምጃ ለመጫወት ስልሳ ሰከንድ ያለው ሰው መሥዋዕት ቢያይም ማረጋገጫ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ አይሞክረውም። ጠባቂ የሌለው ፈረስ አንድ ሰከንድ ዞር ሲሉ ስለሚበላ ጠጠሮቹን እርስ በርስ እንዲጠባበቁ አድርጎ ያሰልፋል። ንጉሡን ይሸሽጋል። ምርጧን እርምጃ ትቶ የማታጎድለውን ይመርጣል፤ ተቃዋሚው ግን በየእርምጃው ጥያቄ እንዲገጥመው ያደርጋል። ሰዓቱ የቀረውን ይጨርስለታል።

በእኛው ሰንጠረዥ ጨዋታ ወረራ የሚባለውን የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይከብደውም። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ጦራቸውን በጥድፊያ ያሰልፋሉ። እጅ ይፈጥናል፤ ዓይን ግን ከተቃዋሚው ሰልፍ አይነቀልም። በወረራ ጊዜ ጦሩን የሚያባክን ጎበዝ የለም።

ናካሙራም በዚህ ሥልት ኢንተርኔት ላይ ነገሠ። በቼስ ዶት ኮም የፍጥነት ሻምፒዮና ከ2018 እስከ 2022 ለአምስት ተከታታይ ጊዜ አሸነፈ፤ በመጨረሻው የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ማግነስ ካርልሰንን በ14.5 ለ13.5 ረታው። በረጅሙ ሰዓት ይኸው ካርልሰን ለብዙ ዓመት መሸነፍን እንቢ ብሎት፣ ናካሙራ ከአሥር በላይ ሽንፈት ከቀመሰ በኋላ ነው በ2016 ቢልባኦ ላይ የመጀመሪያውን ድል ያገኘው። ልዩነቱ የሚነግረን ነገር አለ።

የኢንተርኔቱ ጥንቃቄ ወደ ረጅሙ ጨዋታ ሲሻገር ምን ሆነ? ናካሙራ ከሁለት ዓመት በላይ ክላሲካል ከሚባለው ረጅም ጨዋታ ርቆ፣ በኢንተርኔት ቀጥታ ሥርጭት (ስትሪም) ሲያወራና ሲስቅ ከርሞ፣ በ2022 በዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ፕሬዚዳንት ግብዣ ግራንድ ፕሪ ገባ። ብዙ ሰው ጥቂት ጨዋታ ተሸንፎ ይወጣል ብሎ ነበር። እሱ ግን በርሊን ላይ የመጀመሪያውን ውድድር አሸንፎ፣ አጠቃላዩንም በአንደኝነት ጨርሶ፣ የዓለም ሻምፒዮኑን ተፎካካሪ ወደሚለየው ወደ ካንዲዲትስ አለፈ። በ2023 ኖርዌይ ቼስ የተባለውን ውድድር አሸነፈ። ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋ የዓለም ሁለተኛ ሆነ። ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በሞሉበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዕድገቱም ምሥጢር ንግሥት መሠዋት አይደለም። ብዙም የማይሸነፍ ሰው ሆኗል።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። ማድሪድ፣ ጁላይ 2022፣ የካንዲዲትሱ 14ኛና የመጨረሻ ዙር። ሩሲያዊው ኢያን ኔፖምኒያሺ አንደኛነቱን አስቀድሞ አረጋግጧል። ናካሙራ 7.5 ነጥብ፣ ተቃዋሚው ቻይናዊው ዲንግ ሊረን 7 ነጥብ አላቸው። ናካሙራ አቻ ቢወጣ ብቻውን ሁለተኛ ይሆናል። ዲንግ ነጩን ይዞ ቀስ በቀስ አጥብቦ አሸነፈው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርልሰን ዘውዱን እንደማይከላከል በይፋ ሲያስታውቅ ለዘውዱ የሚፋለሙት አንደኛውና ሁለተኛው ስለሆኑ ሁለተኛነት ትልቅ ነገር ሆነ፤ ዲንግ በሚያዝያ 2023 የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ናካሙራ ለዘውዱ ከተደረገው ግጥሚያ የራቀው በግማሽ ነጥብ ነው።

ቶሮንቶ፣ 2024፣ ቀጣዩ ካንዲዲትስ። በሁለተኛው ዙር ህንዳዊው ቪዲት ጉጅራቲ በቢሾፑ የናካሙራን ንጉሥ የሚጠብቅ የዳር ወታደር በልቶ፣ ቤቱ ተዘጋጅቶበት በመጣው ጥቃት አሸነፈው፤ በ47 ክላሲካል ጨዋታ ሳይሸነፍ የቆየው ሰው ተሰበረ። በዘጠነኛው ዙር ያው ቪዲት ደገመው። ከሌሎቹ ስድስት ተጫዋቾች በአንዱም አልተሸነፈም። በመጨረሻው ቀን ከ17 ዓመቱ ህንዳዊ ጉኬሽ ጋር ነጭ ይዞ ተቀመጠ፤ ማሸነፍ ግድ ነበረበት። ምንም አላገኘም። ጉኬሽ ብዙም ሳይጨነቅ አቻ አወጣው፣ በ9 ነጥብ አሸናፊ ሆነ፤ ናካሙራ 8.5። እንደገና ግማሽ ነጥብ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ፍርድ ከብዙዎቹ የሚለየው። ሰዎች ዕድል ነው ይላሉ፣ ወይም ፍጥነቱ ጎዳው ይላሉ። በቶሮንቶው የመጨረሻ ጨዋታ የጎዳው ፍጥነት አይደለም፤ ጊዜ ነበረው። የጎደለው ሆን ብሎ ሚዛኑን የሚያናጋ፣ ለሁለቱም ወገን አደገኛ የሆነ ጨዋታ የመክፈት ልማድ ነው። ሺህ ጊዜ የማታጎድል እርምጃ ሲመርጥ የኖረ ሰው፣ በአንድ ቀን ተነሥቶ የምታጎድልም የምታሸንፍም እርምጃ ምረጥ ቢባል እጁ አይታዘዘውም። የባርሴሎናው ልጅ ይህን ያደርገው ነበር።

ካነሣሁት አይቀር፣ ፍጥነቱ በእውነት ያስከፈለው ቀንም ነበር። በ2016ቱ የሞስኮ ካንዲዲትስ ከአርሜናዊው ከሌቮን አሮኒያን ጋር ከንጉሦቹ ሌላ ሩኮችና ወታደሮች ብቻ በቀሩበት፣ በአቻ ሊያልቅ በሚችል ጨዋታ፣ ናካሙራ ንጉሡን ነካ። ወዲያው እንደማያዋጣ ገብቶት እያስተካከልኩ ነው ለማለት ሞከረ። አሮኒያን ዳኛ ጠራ። የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ሕግ ነው፤ ንጉሡ ተንቀሳቀሰ፣ ጨዋታውም አለቀ። ስክሪን ላይ ጠጠርን ይዘህ መልሰህ ብትተወው ማንም አይጠይቅህም።

ስለ ስትሪሙም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ወጣት ናካሙራን የሚያውቀው በዚያ ነውና። አቀራረቡ ይማርካል። ይበላል፣ ይበላል፣ ይበላል እያለ አሥር እርምጃ በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፋል፤ እርምጃዎቹን የሚያሳዩት ቀስቶች በሰሌዳው ላይ ይንጫጫሉ። ተመልካቹ ገባኝ ይላል። የሚያየው ግን መደምደሚያውን ነው፤ ፍለጋው ከሃያ ዓመት በፊት አልቋል። ናካሙራ አንድን አቋም በሰከንድ የሚያነብበው ተመሳሳዩን በብዙ ሺህ ጨዋታ ስላየው ነው፣ ያንን ደግሞ በጆሮ ሰምቶ መውረስ አይቻልም። ለማስተማር ከሆነ በኦክቶበር 2025 በ29 ዓመቱ ያረፈው ዳንኤል ናሮዲትስኪ ይበልጥ ነበር። እሱም የቡሌት ጌታ ሆኖ ሳለ፣ በትምህርት ቪዲዮዎቹ ከጀማሪ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ሲጫወት፣ ሰዓቱ እየነደደ ለምን ይህችን ትቶ ያችን እንደመረጠ ያስረዳል። ናካሙራ ሲጫወት ታያለህ፣ ናሮዲትስኪ ሲጫወት ታስባለህ።

እንግዲህ ማታ ማታ ስልኩ ላይ የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ለሚደረድር አንባቢ ከዚህ የሚተርፈው ምንድን ነው? የደረጃ ነጥቡ (ሬቲንጉ) ለወራት አንድ ቦታ የቆመ ተጫዋች ጨዋታዎቹን ከፍቶ ቢያይ፣ የሚሸነፍበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ጠባቂ የሌለው ፈረስ፣ ሳይታይ ያለፈ ቼክ። ይህን ከናካሙራ መማር ይቻላል፣ ከፍጥነቱ ሳይሆን ከአሰላለፉ። ቡሌቱን ሲያይ ጥያቄው «እንዴት ፈጠነ?» መሆኑ ቀርቶ «የትኛው ጠጠሩ ነው ያለ ጠባቂ የቆመው?» ይሁን። ብዙ ጊዜ አንድም አያገኝም። ከዚያ ከሦስት ደቂቃው ወጥቶ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በየእርምጃው አሥር ሰከንድ የሚጨመርበት ጨዋታ ይጫወት፤ ሰከንድ ሲጨመር በሰዓት ማሸነፍ ስለሚከብድ የተሸናፊ አቋም ይዞ ማምለጥ አይቀልም። ሲያልቅ ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም ከመክፈቱ በፊት የት ላይ እንዳመነታና ምን ፈርቶ እንደተወ በገዛ አማርኛው ሁለት መስመር ይጻፍ። ኮምፒዩተሩ ትክክለኛዋን እርምጃ ይነግረዋል፤ ፍርሃቱን ግን ካልጻፈው ማንም አይነግረውም። ከናካሙራ ጨዋታዎች አንድ ብቻ የሚመርጥ ከሆነም የክራሰንኮቩን ወስዶ 27ኛው እርምጃ ላይ ያቁም፤ ሃያ ደቂቃ ይስጠው።

ናካሙራ ራሱስ? በ2025 ለቀጣዩ ካንዲዲትስ በሬቲንግ የሚሰጠውን ቦታ ለማግኘት በተወሰነው ጊዜ ቢያንስ 40 ክላሲካል ጨዋታ ማድረግ ነበረበት። እሱም ሉዊዚያናና አይዋ ሄዶ በአነስተኛ ውድድሮች፣ በሬቲንግ በብዙ መቶ ነጥብ ከሚበልጣቸው ሰዎች ጋር ተጫውቶ ቁጥሩን ሞላ። ብዙዎች አሳፋሪ ነው ብለው ጮኹ። ሕጉ የፈቀደውን ነው ያደረገው፤ ሰፈር ውስጥ ለሚጫወት ሰውም ከዓለም ሁለተኛ ጋር መቀመጥ የዕድሜ ልክ ወሬ ነው። እኔ የምቆጥርበት ሌላ ነው። ሬቲንጉን በጥንቃቄ ጠበቀ፣ ቦታውን አገኘ። ያ ዓመት ግን ከእኩዮቹ ጋር ነጭ ይዞ፣ ማሸነፍ ግድ ሆኖበት የሚጫወተውን ጨዋታ ለመለማመድ የሚመች አልነበረም፤ በቶሮንቶ የጎደለውም ያው ነበር።