መጽሐፉና መዝገቡ

ሄንሪ ስታንሊን እኛ የምናውቀው እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት አብሮ በመጣ ጋዜጠኛነቱ ነው። ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1909 የታተመውን የሕይወት ታሪኩን ሲያነቡ ግን ሁለት መዝገቦችን ከአጠገብዎ አይለዩ።

አንደኛው በዌልስ፣ ሴንት አሳፍ ከነበረው ወርክሃውስ፣ ማለትም ከድሆች መጠለያ የተገኘው ነው። ስታንሊ በትውልድ ስሙ ጆን ሮውላንድስ ተብሎ በ6 ዓመቱ እዚያ ገባ። መጽሐፉ፣ በ1856 ጨካኙን አስተማሪ ደብድቤ፣ አጥር ዘልዬ አመለጥኩ ይላል። መዝገቡ ግን ወደ አጎቱ ዘንድ ሄደ ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛው የሞት መዝገብ ነው። ስሙን አወረሰኝ፣ አባት ሆነኝ የሚለው የኒው ኦርሊንስ ነጋዴ፣ እንደ መጽሐፉ ከሆነ ገና በወጣትነቱ ሞተበት። ሰውየው የሞተው ግን በ1878፣ ስታንሊ ዓለም ያወቀው ሰው ከሆነ በኋላ ነው።

“ውሸታም” ብሎ መጽሐፉን መክደን ቀላል ነው። እኔ አልከድነውም። አባቱን ሳያውቅ፣ እናቱ ጥላው ያደገ ልጅ ምን እንደተመኘ የሚነግረን መጽሐፉ እንጂ መዝገቡ አይደለም። ጥፋቱ ምኞቱን እንደ ታሪክ አድርጎ ማውረሱ ነው።

እኛስ? በስደት ወረቀት ላይ ስም ያሳጠርን፣ ዕድሜ ያስተካከልን ጥቂት አይደለንም። የልጅ ልጆቻችን ነገ የሚያገኙት ያንን ወረቀት ነው። እውነተኛውን ዛሬ፣ በእጃችን ጽፈን እናስቀምጥላቸው።