የአጃቢ ሙያ

ለድምፃዊ የሚያጅብ ሙዚቀኛ፣ እጁ የቱንም ያህል የፈጠነ ቢሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ቃል ሲነገር ዝቅ ማለትን፣ ቃሉ ሲያርፍ ደግሞ ሳይዘገዩ መመለስን ነው፤ ይህንንም እኔ በኪቦርድ ለዘፋኞች ማጀብ ከመጀመሬ አስቀድሞ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ ከማኅሌቱና ከአዝማሪው ዘንድ አግኝቼዋለሁ።

ትውፊት እንደሚነግረን የመጨረሻ ዘመኑን በስሜን ተራሮች በምናኔ ያሳለፈው ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ዜማ፣ በሥርዓተ ማኅሌት ሲቆም በመጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያም በኋላ ነው ከበሮው ገብቶ በመረግድ ከፍ፣ በጽፋትም ፈጠን የሚለው። መሣሪያው የሚመጣው፣ እንግዲህ፣ ጆሮ ቃሉን ከተቀበለው በኋላ ነው። አዝማሪው ደግሞ ዘፋኙም አጃቢውም እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ አንዲት የጭራ አውታር ብቻ ያላት ማሲንቆው ሲዘፍን ከድምፁ በታች ትከተለዋለች፣ ትንፋሽ ሲወስድ ግን ብቻዋን ትናገራለች፤ በሠርግም ከታዳሚዎቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው፣ ደጋኑን ያለዝባል፤ ኅብረ ቃሉ በመሣሪያ ድምፅ ከተዋጠ፣ ሰሙ ተሰምቶ ወርቁ ይቀራልና።

ከዚህ በኋላ የጃዝ ሸክላዎችን ስሰማ እንግዳ አልሆኑብኝም። የአሜሪካ ድምፃውያን ሁሉም የሚያውቃቸውን የቆዩ ዘፈኖች ደጋግመው ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑ የታወቀ ስለሆነም የሚመዘነው አዘፋፈኑና አጀባው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ቢሊ ሆሊዴይ ስትቀዳ በቴነር ሳክስፎን ያጀባት ሌስተር ያንግ፣ ስንኝዋን ሳይሻማ በየዕረፍቷ እየገባ የሚመልስላት ተሰጥዎ ለዚህ ሙያ ምስክር ነው። በእኛ ዘንድ የእንዲህ ያለውን የታወቀ ዘፈን ስፍራ የያዘው ትዝታ ነው፤ ማህሙድ አህመድም ዘፈነው፣ በዛወርቅ አስፋውም ዘፈነችው፣ አድማጭም «የማን ትዝታ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ዘፈኑ አሮጌ ነው ብሎ አይተወውም።

ነገር ግን ትዝታን ማጀብ ለፒያኖ ተማሪ ፈተና አለበት። ሙሉው የትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ሲሆን፣ ከአውሮፓ የተማርነው ኮርድ ፋን ወይም ሲን አስከትሎ ስለሚመጣ፣ ባልተጠራበት ስፍራ የገባ እንደሆነ የቅኝቱን ጣዕም ያፈርሰዋል፤ በአንቺሆዬና በአምባሰል ቅኝትማ ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ ብልህ አጃቢ ኮርዱን ያሳሳል፤ ቤዙን በቅኝቱ መሠረት ላይ ያጸናል፤ የቀረውን ክፍተት ለዘፋኙ ይተወዋል።

ይህ ሙያ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚታወቅ የሚገለጠው ግን፣ እኔ እንደማምነው፣ ዘፋኙ በሌለበት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ከኦርጋን ተጫዋቹ ከኃይሉ መርጊያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው «ትዝታ» የተባለው ካሴት፣ የታወቁ ዜማዎችን ያለ ድምፃዊ የያዘ ነው። የዘፋኙን ስፍራ የወሰደው ኦርጋን፣ ጣት እስካልተነሣ ድረስ ድምፁ የማይቋረጥ፣ ትንፋሽ የማያሻው መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ በኃይሉ እጅ ግን ስንኙ በሚያርፍበት ያርፋል፣ ሐረጉ በሚነሣበት ይነሣል፤ የቀሩትም ጓደኞቹ ቃል ያለ ይመስል ቦታውን ይጠብቁለታል። ግጥሙን በልቡ የማያውቅ ሰው ግጥም የሌለውን ዘፈን እንዲህ አድርጎ ሊጫወት አይችልም።

ስለዚህ በኪቦርድ ሊያጅቡ ወደ እኔ ለሚመጡ ወጣቶች አስቀድሜ ኮርድ አላስተምርም። የዘፈኑን ግጥም በቃላቸው አጥንተው፣ እጃቸውን ከመሣሪያው አንሥተው እንዲዘፍኑልኝ አዛለሁ፤ ድምፃቸው መልካም ባይሆንም ግድ የለኝም፤ የት እንደሚተነፍሱ ግን እሰማለሁ፤ እነርሱም ሊመልሱ የሚገባቸውን ስፍራ ከዚያው ያገኙታል።