ጉሙን ማን ገፈፈው?

ለጥገና የሚመጣልኝ ፕሌይስቴሽን 2 ምን ሲጫወቱበት እንደከረመ ብዙ ጊዜ ሳልጠይቅ እገምታለሁ። ኳስ ከሆነ ማሽኑ ግጥሚያውን አንዴ ከሲዲው አንብቦ ከጫነ በኋላ ሌንሱ መጠነኛ ፋታ ያገኛል። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ግን ፋታ አይሰጥም። የማሽኑ ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ሦስት ከተማ፣ በረሃና ተራራ በአንድ ጊዜ እዚያ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ጨዋታው ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲጄ የሚሄድበትን መንገድ ከፊቱ ከሲዲው ላይ እያነሳ፣ ከኋላው የቀረውን እየጣለ ይጓዛል። ሌንሱ በደከመ ማሽን ላይ ይህ ሥራ በዓይን ይታያል። መኪናው ሲከንፍ አስፋልቱ ይዘገያል፤ ቤቶቹ ቅርጻቸው ሳይለይ እንደ ጥላ ይቆማሉ፤ ጎማው ባዶ ላይ ይሽከረከራል። ልጆቹ «መንገዱ ጠፋ!» ይሉኛል፤ እኔም አልኮልና ጥጤን አነሳለሁ።

እዚህ በመቄቷ ፍላቂት ፕሌይስቴሽን ማጫወትና መጠገን እንጀራዬ ነው። ሳን አንድሪያስን በስልክም፣ በአዲሱ እትምም፣ በድሮው ማሽንም ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቼዋለሁ።

ጨዋታው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ለፕሌይስቴሽን 2 ነው። በሰኔ 2005 ለኤክስቦክስና ለኮምፒውተር ደረሰ። ሁለቱም ከፕሌይስቴሽኑ የተሻለ አቅም ስለነበራቸው ምስሉ ጠራ። ነገር ግን የኮምፒውተሩን ሳይ ሁልጊዜ የሚጎድለኝ ነገር አለ፤ ከሦስቱ ከተሞች አንዷ የሆነችው የሎስ ሳንቶስ አመሻሽ። በፕሌይስቴሽን 2 ላይ አየሩ ራሱ ብርቱካንማ ነው። በጥር አውድማ ላይ እህል ሲወቃ፣ የገለባው ብናኝ ተነሥቶ የማታዋ ፀሐይ በውስጡ ስታልፍ የሚታየው ቀለም ማለት ነው። ያን ቀለም ጀርባው ትልቅ በነበረው በድሮ ቴሌቪዥን ያላየ ሰው ጨዋታውን ግማሽ ብቻ አይቷል ብዬ አምናለሁ። የድሮው ስክሪን ነጥቦቹን እርስ በርስ ያዋህዳቸው ነበር፤ ያንኑ ሲዲ ፍላት ስክሪን ላይ ስትከፍተው ጠርዙ ሁሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል።

የስልኩ እትም በታኅሣሥ 2013 ወጣ። የአካባቢያችን ወጣት ዛሬ ሳን አንድሪያስን የሚያውቀው በአብዛኛው በእሱ ነው። ተልእኮ መሐል ላይ ስትሞት ከመጀመሪያው አያስጀምርህም፤ ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። ከሬዲዮው ግን የፈቃድ ጊዜያቸው ያለፈ ዘፈኖች ወጥተዋል፤ ጣትም በመስታወት ላይ እንደ ጆይስቲክ አይታዘዝም። በኋላ ለኤክስቦክስ 360ና ለፕሌይስቴሽን 3 የቀረበውም ከዚሁ ከስልኩ የተቀዳ ነው፤ በእሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ትኩረቴን የያዘው በኅዳር 2021 የወጣው አዲሱ እትም ነው። መሪውና ማነጣጠሪያው በእርግጥ ተሻሽለዋል። ዝናቡ ግን ነጭ ክር ሆኖ ዓይን ይጋርድ ነበር። አንድ የዶናት ቤት ምልክት ደግሞ አለ፤ ስሙ ተፍ ነት ይባላል። «ነት» እዚህ ላይ ዳዶ ነውና በድሮው ምስል ላይ ያለው ባለ ስድስት ማዕዘን ዳዶ ነበር። ምስሎቹን በኮምፒውተር ፕሮግራም ሲያሳድጉ ማዕዘኖቹ ተልገው ዳዶው ክብ ቀለበት ሆነ። ቁልፍ ይዞ የሚያውቅ ሰው ክብ ዳዶ እንደማይፈታ ያውቃል። ፕሮግራሙ አያውቅም፤ ካሳደገው በኋላም ያየው ሰው ያለ አይመስልም።

ከሁሉ የከፋው ግን የድሮውን ጉም መግፈፋቸው ነው።

አንድ የ12ኛ ክፍል ፈተና የጨረሰ ልጅ አዲሱን እትም በፕሌይስቴሽን 4 ሲከፍት አብሬው ነበርኩ። በድሮው ማሽን እኔ ዘንድ ያደገ ነው። ቺሊያድ ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን አየ። ከዚህ ጥግ ሎስ ሳንቶስ፣ ከዚያ በረሃው፣ ሁሉም በአንድ ዓይን ይታያል። ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ ይኼው ነው እንዴ?» አለኝ።

አዎ፣ ይኼው ነበር። አገሩ በሙሉ ወርዱም ቁመቱም ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ለገበያ እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ ፍላቂት የሚመጣ ገበሬ ከዚያ የበለጠ ይራመዳል። የ2004ቱ ሠሪዎች 32 ሜጋባይት ሩቁን ማሳየት ስለማይችል በጉም ሸፈኑት፤ ሲሸፍኑት ግን ተራራውን ከከተማው የሚለይ ርቀት ፈጠሩ። አዲሶቹ ጉሙን የማሽኑ ድክመት ብቻ አድርገው ቆጥረው ገፈፉት። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥገና ላይም እንዲሁ ነው፤ ለምን እንደተደረገ ያልገባህን ሽቦ አትነቅልም። በኅዳር 2024 በማሻሻያ የድሮውን የሰማይና የብርሃን ስልት መልሰዋል፤ እሰየው ብያለሁ። እዚያ ለመድረስ ግን ሦስት ዓመት ፈጀባቸው።

የመቄት ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በነሐሴ ከድልብ ዳገቱን ስትወጣ ጉሙ መስኮቱን ይደፍነዋል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይሄዳል፣ ጋሸና የማይደረስ አገር ይመስላል። በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ገደሉ እስከ ታች ይታያል፤ ያኔም አገሩ አያንስም፣ ይሰፋል እንጂ። የኛ ተራራ ጥራቱን ይችለዋል። ስድስት ኪሎ ሜትር ግን አይችለውም።

ልጁ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አዲስ ሌንስ የቀየርኩለትን አሮጌውን ማሽን ሰጠሁት፣ ሜሞሪ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰካ። ቺሊያድ ላይ ወጣ፤ ከታች ምንም አይታይም። ሲዲው ውስጥ ውስጡን እያጉረመረመ ይዞራል። ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ቁልቁል ወደ ጉሙ ገባ።